ላብ ያልነካው ቱታ

ልብስ ሰፊዋ በፊሽካው ላይ የያዘችው ቂም አራት ዓመት ሞልቶታል። ፊሽካው የሚባለው የልጇ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው፤ ፊሽካ ከአንገቱ ስለማይወርድ ተማሪውም ወላጁም ጥበቃውም በዚያው ነው የሚጠራው። ሰውዬው ልጇን አልመታባትም፤ አልሰደበባትም። ቢመታት ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ሄዳ ታንቀዋለች፤ ያልቃል። እሱ ያደረገው ሌላ ነው። ልጅቷ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ክፍሉን ሜዳ ላይ ሲያስሮጥ እሷ ወደ ኋላ ቀረች፤ ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም በጣቱ ጠቅሶ ጠራትና ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣት። የልጆቹን ኮትና ሹራብ ጭኗ ላይ ከመረባት። በይ አንቺ ኮት ጠብቂ አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ፣ አራት ዓመት ሙሉ ኮት ጠበቀች።

ይህን ለልብስ ሰፊዋ የነገራት ሰው የለም። የነገራት ቱታው ነው። የትምህርት ቤቱን የስፖርት ቱታ በየዓመቱ የምትሰፋው እሷ ነበረች፤ ሰማያዊ ጨርቅ፣ በጎኑ ሁለት ነጭ መስመር፣ ወገቡ ላስቲክ። የራሷንም ልጅ ቱታ ከሌሎቹ ጋር ቆርጣ ከሌሎቹ ጋር ትሰፋለች፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ታጥባለች። የሚሮጥ ልጅ ቱታ ሲዘፈዘፍ ውሃው ይደፈርሳል፤ ብብቱ ይከረፋል፤ ጉልበቱ ላይ ሣር ይይዛል። የእሷ ልጅ ቱታ ግን እንደገባ ይወጣል። ሦስት ሳምንት ልብ ሳትል አጠበችው። በአራተኛው አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ አሸተተችው፤ ያለፈው ዓርብ ሳሙና ብቻ ነው የሸተታት። ልጅቷን ብትጠይቃት ኮት እንደምትጠብቅ ነገረቻት። የነገረቻትም ዛሬ ደመና ነው እንደሚባለው ዓይነት ነው።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ በሰፈሩ በክርክር የምትታወቅ ሴት ናት፤ አንዴ ሽንጧን ገትራ የያዘችውን ነገር ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ቢሄድ እንኳ በሩ ላይ ቆማ ትጨርሰዋለች። የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለመከራከር ግን ከዚያ በላይ አስፈልጓት አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ትከሻዋ ላይ ለርእሰ መምህሩ የምታስረክበው የቱታ እስር ነበረ። ፊሽካው በትሕትና ተቀበላት። ለራሷ ብዬ ነው እናቴ፣ ይስቁባታል አላት። እሷም እስሩን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ይህ ሰው ለርእሰ መምህሩ አንድ ቃል ቢናገር የዓመቱ ሥራ ድራሹ እንደሚጠፋ አሰበች። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች።

ኮት ማስጠበቁ አንድ ነገር ነው። አራት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ የቀረው ግን ያ "እግዜር ይስጥልኝ" ነው።

የሥራ ቤቷ ከአንድ ፎቅ ሥር ያለ ክፍል ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ ያያል፤ ከመጋረጃው ወዲያ እናትና ልጅ የሚተኙበት አልጋና አንድ ቁም ሣጥን አለ። አባትየው ሌላ ትዳር ከያዘ ቆይቷል፤ ስለ እሱ አይወራም። በመስኮቱ በኩል ሁለት የስፌት መኪና ተቀምጧል፤ አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ አንዱ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ የእግር መኪና። በወዲህኛው ጥግ የጋሽ ካውያ ጠረጴዛ አለ። ጋሽ ካውያ የተሰፋውን የሚተኩስ ሽማግሌ ነው፤ ሰውነቱ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ እጁ ሙቀት የማይሰማው፣ ምላሱ ግን ከካውያው ይልቅ የሚፈጅ። ልጅቷን ሚጡ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ስትወለድ በአንድ መዳፍ የምትያዝ ነበረች ይላል። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ።

ሚጡ መወፈር የጀመረችው ከዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስለዚህ ነገር ከልጇ ጋር አንድም ቀን አውርታ አታውቅም። ሌላ እናት ብትሆን ልብሱ ሲጠብ ሁለቱም ያዩት ነበር፤ ሱቅ ሄደው ተለቅ ያለ ቁጥር ይገዙ ነበር። እሷ ግን መቀስም መርፌም እጇ ላይ ነው። በየወሩ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሆን ቀሚሱንም ሱሪውንም አውጥታ ስፌቱን ትፈታና አንድ ጣት ታሰፋዋለች። ውስጡ የተረፈው ጨርቅ ሲያልቅ በጎኑ ተመሳሳዩን ፈልጋ ትቀጥላለች። አንገቱ ላይ የተሰፋችውን የቁጥር ምልክት ግን አትነካትም። አዲስ ስትሰፋም ያው ነው፤ ልኩ አርባ ስድስት ይሆንና ምልክቱ ሠላሳ ስድስት ይላል። ልጅቷ ልብስ ጠበበኝ ማለትን ሳታውቅ አደገች። ትምህርት ቤት በርሜል ይሏታል፤ ይህን ታውቃለች፤ ግን ቢሏትም ቁጥሯ አልተለወጠም፤ የምትይዘው ነገር እሱ ነበር። "ዘንድሮም ያው ነኝ" ስትል እናትየው መርፌ በከንፈሯ ይዛ "እም" ትላለች።

ጋሽ ካውያ አንድ ጊዜ የሚተኩሰውን ቀሚስ በሁለት እጁ ዘርግቶ አየና "ይቺ ሠላሳ ስድስት መውለዷን አልሰማሁም" አለ። ልብስ ሰፊዋ አፍህን ዝጋ አለችው። ዘጋ። እሷ ለልጇ ደግ የሠራች ይመስላት ነበር።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ቱታውን ከፋብሪካ አመጣ። ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ከጥበቃው ነው፤ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ያልታያት ሌላው ነገር ነው። ሴቶቹ ልጆች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብተው ካርቶኑ ተከፈተ። አንዷ ታድላለች፣ ሌሎቹ በየተራ ቁጥራቸውን ይጠራሉ። ሚጡ ተራዋ ሲደርስ አፏን ሞልታ "ሠላሳ ስድስት" አለች። ሱሪው ጉልበቷ ላይ ደርሶ ቆመ። ሳበችው። ተተረተረ። የፋብሪካ ስፌት ሲተረተር ድምፁ ረጅም ነው፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማው። የሳቁት ሁሉም አይደሉም፤ ግማሾቹ ዝም አሉ፤ የባሱት ዝም ያሉት ናቸው። አርባ ስድስቱን ያቀበለቻት ልጅ ክፋት አልነበረባትም፤ ይኼ ይሆንሻል ብቻ ነው ያለቻት። ሆናትም።

ሚጡ ቤት ገብታ መጋረጃውን ሳበች። ቀሚሷን አውልቃ ገለበጠችው። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ የተፈታ ስፌት መርፌው የወጋበትን ቀዳዳ ትቶ እንደሚሄድ ታውቃለች። በጎኑ ላይ ቀዳዳዎቹ ተሰልፈዋል፤ አንድ መስመር፣ ከእሱ አንድ ጣት ራቅ ብሎ ሌላ መስመር፣ ከዚያም ሌላ። ሰባት ቆጠረች። ሌላ ልብስ ለብሳ፣ ቀሚሱን ይዛ ወጣችና ከመኪናው ፊት ቆመች።

"አንቺ ታውቂ ነበር" አለች።

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። ጋሽ ካውያ ካውያውን አቁሞ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ልጅቷም መልስ አልጠበቀችም። ቀሚሱን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተመልሳ ገባች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄደችም። በሦስተኛውም ቀን አልሄደችም። አላለቀሰችም፤ ቢያለቅሱ ማባበል ይቻላል። አልተቆጣችም። ሲጠሯት አቤት ትላለች፤ ብዪ ሲሏት አንድ ቀን ምንም አትቀምስም፣ አንድ ቀን ቆማ ድስቱን ጠርጋ ትበላና እጇን ታጥባ ተመልሳ ትተኛለች። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ጀርባዋ ላይ ብታደርግ ጀርባው አይሸሽም፤ አይጠጋምም። ስልኳ ይጮኻል፤ አታነሳውም። አንድ ቀን ምን እየተሰማሽ ነው ብትላት አሰብ አድርጋ "ምንም" አለቻት። እውነቷን ነው የነገረቻት።

ልብስ ሰፊዋም ደነዘዘች። ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። መርፌ ጣቷን ሲወጋት ጨርቁ ላይ ደም አይታ ነው የምታውቀው። አንድ ሱሪ ሁለቱን እግሮች በአንድ ላይ ሰፍታ አቀበለችው፤ ጋሽ ካውያ ይኼ ለዓሣ ነው ወይስ ለሰው አላት። አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን መቀስ ትወረውርበት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ጥበቃው ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዞ መጣ። ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበችው። ተማሪዋ ሠላሳ የትምህርት ቀን ከቀረች ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ዓመቱን ትደግማለች ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችውና የደንበኞቿን ልክ በምትሰካበት ሰሌዳ ላይ በስፒል ሰካችው። ስሟ ከተሰረዘ ሚጡ ዳግመኛ እግሯን እዚያ ግቢ እንደማታስገባ አውቃለች። ትምህርት ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ከዚያ አልጋም የምትነሳ አልመሰላትም።

ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ልጅቷ ሂጂ ሲሏት ትሄዳለች፤ እምቢ ለማለትም ጉልበት ይጠይቃል። ሲስተሯ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ልብስ ሰፊዋ ገና ሳትቀመጥ፣ ክብደቷ ነው ሲስተር፣ ምግብ እንዴት ላድርግላት ብላ ጀመረች። ሲስተሯ ሚዛኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከጠረጴዛው ሥር አስገባችው። ልጅቷን እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ነገ ቢነጋ ብለሽ የምትጠብቂው ነገር አለ፣ ራስሽን መጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ብላ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ለሁለቱ "አላውቅም" አለች፤ ለሦስተኛው "አላውቅም" አላለችም፤ "አላሰብኩም" አለች፤ ሲስተሯም ይህን ጻፈች። በየሳምንቱ እየመጣች ከአንዲት የምታወያያት ባለሙያ ጋር እንድትቀመጥ ቀጠሮ ያዘችላት። ከዚያ ወደ እናትየው ዞረች። ይቺ ልጅ አዝናለች፣ ሰውነቷም ከእሷ ጋር ተኝቷል አለቻት። ይንቀሳቀስ፤ ለመቅጠን ብለሽ አይደለም፣ እንቅልፍ እንዲመጣላትና ልቧ ትንሽ እንዲከፈት ነው። ምን እንደምትሠራ ደግሞ እሷ ትምረጥ።

"የምትቀጥንበትን ተይውና የምትተኛበትን አስቢ" አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ከሰማችው ሁሉ "ይንቀሳቀስ" የሚለውን ብቻ ይዛ ወጣች። እልኸኛ ሰው እንዲህ ነው፤ የሚያስፈልገውን ትቶ የሚይዘውን ይይዛል። መንገድ ላይ የመዝለያ ገመድ ገዛች። ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳው ገፍታ መሐል ወለሉን ጠረገች። ሚጡ ገመዱን ተቀበለች፤ ሃያ ዘለለች፤ አስቀመጠችው። በማግስቱም ሃያ። በማግስቱም ሃያ። ሃያ ሲሞላ ትቆማለች፤ አያልባትም፣ አይደክማትም፣ አይቀላትም። እናትየው እየቆጠረች ትቆማለች። ጋሽ ካውያ ሦስት ቀን ችሎ በአራተኛው ካውያውን ከጨርቁ ላይ አነሳ።

"አንቺ ሴትዮ" አለ፣ "ሰው እኮ ኮሌታ አይደለም፤ ተጭነሽ አታቀኚውም።"

ገመዱን ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ላይ ወረወረችው።

በሦስተኛው ሳምንት መገባደጃ ላይ መብራት ጠፋ። የመንገዱ ማከፋፈያ ተቃጠለ ተባለ፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ለአንድ ሆቴል የምታስረክበው ሠላሳ ሽርጥ ነበረባት። የእግር መኪናውን ልብሱን ገፋ አድርጋ ዘይት አጠጣችው። ነገር ግን ቀኝ ጉልበቷ ካበጠ ወራት ሆኖታል፤ አሥር ጊዜ ስትረግጠው ዓይኗ ውሃ ሞላ። ጋሽ ካውያ የቀዘቀዘ ካውያውን እንደ ድመት ጭኑ ላይ አስቀምጦ እኔ ልርገጥልሽ ብል እግሬ ከመርገጫው ይቀጥናል፣ በቀዳዳው ይወድቃል አላት።

መጋረጃው ተገለጠ። ሚጡ ወጣች። የጠራት የለም። ወንበር ስባ ከእናቷ ጎን ተቀመጠችና ሁለት እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች። እናትየው ጨርቁን ያዘች። ልጅቷ ረገጠች።

መጀመሪያ ተንጓጓ፤ ክሩም ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። አንዱ እየረገጠ አንዱ ሲሰፋ መተዋወቅ ይፈልጋል፤ እጅ ሲያጥፍ እግር መዘግየት አለበት፤ ቀጥታው ላይ እግር ሲሮጥ እጅ መልቀቅ አለበት። ሙሉ ቀን የተለዋወጡት ሦስት ቃል ነው። ቀስ። ፍጠኚ። ቁሚ። ቁሚ ሲባል ትቆማለች፤ ፍጠኚ ሲባል መኪናው ይጮኻል። እስከ ምሳ ሰዓት አራት ሽርጥ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ መቀስ ለማንሳት ዞር ስትል የልጇን ጀርባ አየች። ከትከሻ እስከ ወገብ ሸሚዙ ረጥቦ ከገላዋ ጋር ተጣብቋል። የልጇን ላብ አራት ዓመት አይታው አታውቅም ነበር። መቀሱን አንስታ ዞረች።

ያን ቀን ሚጡ እራት በልታ፣ ተቀምጣ በልታ፣ ተኛች። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር፤ ግን ታንኮራፋ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሰባት ሽርጥ ሰፉ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ መብራት መጣ። ልብስ ሰፊዋ ቀድማ አየች፤ የኤሌክትሪኩ መኪና ትንሿ አምፖል በራች። እጇን ዘርግታ አጠፋቻት። ልጅቷ ከታወቃት ተነስታ ትተኛለች ብላ ሰጋች። ያ መኪና ተበላሽቷል ልትላት ምላሷ ጫፍ ላይ አዘጋጅታ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ነገር ማዘጋጀት ለምዳዋለች።

"መብራት መጥቷል አይደል?" አለች ሚጡ፣ እግሯን ሳታቆም።

ከወዲያ ጥግ ጋሽ ካውያ ሙቀቱን ሊያይ ትፍ ያለበት ካውያ ችስ ብሎ ነበር፤ አሁን ሽማግሌው ጥፋተኛ መስሎ ካውያውን ከኋላው ደበቀ።

ልብስ ሰፊዋ ያዘጋጀችውን ዋጠችው። "መጥቷል" አለች። "ከፈለግሽ ተይው።"

መኪናው ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ቀጠለ። ጨርቁ አለቀ፤ እናትየው ሌላ ቀጠለች።

"ለምን ነበር?" አለች ልጅቷ። ምኑን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም።

"እንዳትሸማቀቂ ብዬ ነው።"

"አንቺም አፍረሽብኝ ነበር።"

"አላፈርኩም። ፈርቼ ነው።"

"ያው ነው" አለች ሚጡ። ቁጣ የለበትም። እናትየውም ያው እንዳልሆነ ልትከራከር አፏን ከፍታ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ የጀመረችውን ክርክር ተወችው።

ሽርጡን ካስረከቡም በኋላ ልጅቷ በየቀኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ትረግጣለች። መኪናውን ስለወደደችው አይደለም፤ ስትረግጥ አእምሮዬ ዝም ይላል አለች፣ ስትጠየቅ። ሐሙስ ሐሙስ ባለሙያዋ ጋ ትሄዳለች፤ ምን እንደሚያወሩ እናትየው አልጠየቀችም። ሰው ሆናለች ለማለት ያስቸግራል። አሁንም ስልኩን አታነሳም። ግን አንድ ቀን ጋሽ ካውያ ሲያስነጥስ ይማርህ አለችው፤ ሽማግሌው ደንግጦ እጅጌ አቃጠለ።

በቀረች በሃያ ሰባተኛው የትምህርት ቀን ሜትሩን ከእናቷ አንገት ላይ ሳብ አድርጋ አወረደችው። "በትክክሉ ለኪኝ። ጮክ ብለሽ" አለቻት።

ጋሽ ካውያ ሳይነገረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልብስ ሰፊዋ ደረቷን፣ ወገቧን፣ ዳሌዋን ለካች፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራች። ድምፅዋ ለማንም ደንበኛ እንደምትጠራው ነበር፤ እንዲያ እንዲሆን ጥርሷን ነክሳለች። ልጅቷ ራሷ ጻፈችው። በሁለት ቀን ሰማያዊ ቱታ ተሰፋ፤ በጎኑ ሁለት ነጭ መስመር ያለው፤ አንገቱ ላይ አርባ ስድስት የሚል። ሚጡ ምልክቱን አየችው። እሺ አለች። ከዚያም፣

"እመለሳለሁ። ኮት ግን አልጠብቅም" አለች።

"ምን ልታደርጊ?"

"እነሱ ይሩጡ። እኔ እራመዳለሁ።"

ሃያ ዘጠነኛው ቀን ማክሰኞ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም ስፖርት። አብረው ሄዱ። ጥበቃው ሚጡን አይቶ ኮፍያውን አነሳላት፤ ምንም አላለም፤ ለዚህም ልብስ ሰፊዋ በልቧ መረቀችው። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተበታትነው ይጠብቃሉ። ኮቱ ሁሉ ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተከምሯል። ፊሽካው ሚጡን ሲያያት ፊቱ ፈካ፤ እሰይ መጣሽልን አለ፤ እጁም ሳያስበው ወደ አግዳሚው ወንበር አመለከተ።

ልብስ ሰፊዋ ከፊቱ ቆመች። ትከሻዋ ላይ ምንም የለም።

"መምህር፣ ከአራት ዓመት በፊት እግዜር ይስጥልኝ ብዬዎት ነበር። እሱን ልወስድ ነው የመጣሁት" አለችው።

ሰውዬው አልገባውም። አስረዳችው፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ልጇ ኮት አትጠብቅም። ከክፍሏ ጋር ሜዳ ትገባለች፤ ብትራመድ ትራመድ፣ ብትቀመጥ ትቀመጥ፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ስትደክም ነው የምትቀመጠው። ፊሽካው ከልቡ ነበር የተጨነቀው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ይስቁባታል እናቴ አላት እንደገና። ስቀውባት ጨርሰዋል አለችው። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ለሥራዬ ፈርቼ ነው፤ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ እኔም በቤቴ ሌላ ዓይነት ወንበር ላይ አስቀምጫት ኖሬያለሁ አለችው። ይህንን ለመናገር አራት ዓመት የፈጀባት ሴት ሳትሆን ስለ ሸሚዝ ቁልፍ የምታወራ ትመስል ነበር።

ፊሽካው ዙሪያውን አየ። የሚይዘው ነገር ሲያጣ፣ "ኮቱስ?" አለ። "እሷ ከቀረች ወዲህ መሬት ነው የሚወድቀው። ሁለት ጠፍቷል። ማን ይጠብቀዋል?"

ልብስ ሰፊዋ ኮቱን አየች፤ ግድግዳውን አየች። ፊሽካውን ትታ ወደ ጥበቃው ሄደች። ስትመለስ በብብቷ ከተሰበረ ዴስክ የተረፈ ረጅም ጣውላ፣ በአንድ እጇ መዶሻ፣ በሌላው በጣሳ ሚስማር ይዛለች። ፊሽካው ግድግዳው ላይ የኮት መስቀያ ለመምታት የርእሰ መምህሩ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ።

"ይምጣና ይንቀለው" አለችው።

ሚጡ ከእናቷ ጎን ቆማ ጃኬቷን አወለቀች። የምትሰቅልበት ገና አልነበረም፤ እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው። ሜዳውን አየች፤ ልጆቹም ያዩአታል። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

"እማ" አለች፣ "እንዳታዪኝ።"

"አላይሽም።"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጣውላውን በክርኗ ደግፋ የመጀመሪያውን ሚስማር መታች። ተጣመመ፤ አቃንታ እንደገና መታችው። ከኋላዋ ፊሽካው ጥቂት ቆየና ነፋ። የብዙ እግር ሩጫ በጀርባዋ በኩል አለፈ፤ ሳቅም ተሰማ፤ የማን እንደሆነ፣ በምን እንደሆነ አላወቀችም። ሁለተኛውን መታች። ሦስተኛውን መታች። አውራ ጣቷን የመታች መሰላት፤ አልተሰማትም። ሩጫው ዞሮ ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ግቢው ጸጥ አለ፤ ያኔ በጀርባዋ በኩል የአንድ ሰው እርምጃ ሰማች፤ ዝግ ያለ፣ የሚተነፍስ። አንገቷ ሊዞር አለ። አላዞረችውም። ከጣሳው ሌላ ሚስማር አወጣችና መታች።